«ወላሂ ትበላለህ!» — እንግዳን ማክበር እና እንግዳን ማስገደድ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



መርካቶ ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ «ወላሂ ትበላለህ!» ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለንም። እንግዳው «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ባለቤቱ ይምላል። እንግዳው «ሐኪም ከልክሎኛል» ይላል፤ ባለቤቱ «የኛ ቤት ምግብ ሰው አያምም!» ይላል። እንግዳው በመጨረሻ ይበላል። ሆዱን ይዞ ይወጣል። ሌላ ቀን በዚያ በር ሲያልፍ ፈጠን ብሎ ይራመዳል። ባለቤቱ ደግሞ «ምነው ጠፋህ? ኮራህብን!» እያለ ይወቅሰዋል።

ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ባለቤቱ ኢክራም ያደረገ መስሎታል፤ እንግዳውም ላለማስቀየም ብሎ ነው የተጎዳው። ግን አንድ በር ተዘጋ። ዛሬ መነጋገር የፈለግነው ይህንን ነው። እንግዳን ማክበር ከእምነት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው እንግዳውን እንዲያከብር ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ታዲያ ማክበር ማለት ምን ማለት ነው? እንግዳው ያልቻለውን ማስዋጥ ነው? ባለቤቱስ ያልቻለውን ማቅረብ ነው? ወይስ ከእኛ ጋር በሁሉም ነገር የማይስማማውን ሰው ከበር መመለስ ነው? እኛ ሦስቱም አይደለም እንላለን። ዲናችን በመስተንግዶ ጉዳይ ያጠበቀው ጥቂት ነገር ነው፤ የቀረውን ገር አድርጎታል። እኛ ግን በመሐላ፣ በይሉኝታና በጥርጣሬ አጥብበነዋል።

■ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) እንግዳን እንዴት ተቀበሉ?

ከነቢያት መካከል በእንግዳ ተቀባይነት ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ናቸው። ቁርኣን በሱረቱ አዝ-ዛሪያት ከአንቀጽ 24 ጀምሮ ታሪካቸውን ይነግረናል። የማያውቋቸው እንግዶች መጡ፤ ሰላምታ ተለዋወጡ። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ቀስ ብለው ወደ ቤተሰቦቻቸው ሄዱና የሰባ ወይፈን ይዘው ተመለሱ። ምግቡን ወደ እንግዶቹ አስጠጉት። ከዚያም «ብሉ!» ብለው አላዘዙም፤ አትበሉም ወይ ብለው በጥያቄ ጋበዙ። ታላቁ የተፍሲር ሊቅ ኢብኑ ከሢር ይህን አንቀጽ ሲያብራሩ፣ የመስተንግዶ አደብ ሁሉ እዚህ ውስጥ መሰብሰቡን ይጠቁማሉ። ኢብራሂም ምግቡን ሳይመጻደቁ በፍጥነት አቀረቡ፤ ሲጋብዙም ሰሚውን በሚከብድ የትእዛዝ ቃል ሳይሆን በለሰለሰ አነጋገር ጋበዙ።

እንግዶቹ ግን አልበሉም። መላእክት ነበሩና! ሱረቱ ሁድ አንቀጽ 70 እጃቸው ወደ ምግቡ አለመዘርጋቱን ባዩ ጊዜ ኢብራሂም ውስጣቸው እንደፈራ ይነግረናል። ቢሆንም በግድ ላጉርሳችሁ አላሉም። እንግዳው ያልበላበት ምክንያት ነበረው፤ ባለቤቱ ግን አያውቀውም ነበር።

ወንድሜ ሆይ! አንተም ቤት የሚመጣው እንግዳ የማታውቀው ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ስኳር ያለበት አባት በሰው ፊት «ስኳር አለብኝ» ማለት ያፍር ይሆናል። የመርካቶን ሻሂ ታውቀዋለህ፤ ስኳሩ ከሻሂው አይተናነስም። አፍልተህ፣ አጣፍጠህ፣ ምለህ ስታጠጣው ምን እያደረግክበት እንደሆነ አስበው። ስኳሩን ለብቻ በሳህን ብታቀርብለት ምን ይጎድልብሃል? ሌላው ሰኞና ሐሙስን ይጾም ይሆናል። ሌላዋ እህት እርጉዝ ሆና ሽታው አስጠልቷት ይሆናል። «እባክህ ቅመስ» ብለህ አንዴ ሁለቴ ጋብዝ፤ «በቃኝ» ሲልህ እመነው። ማመንም ማክበር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንያዝ። «ልሥራልህ ወይስ ይቅር?» ብሎ መጠየቅ እንግዳውን «ይቅር» እንዲል መግፋት ነው። ይሉኝታ ያለበት ሰው ምን ሊል ይችላል? «የማትበላው ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው በር ይዘጋል፤ ሁለተኛው ይከፍታል።

■ አቡበክር መሐላቸውን አፈረሱ

መሐላ ካነሳን አይቀር የአቡበክርን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። ቡኻሪና ሙስሊም ከልጃቸው ከዐብዱረሕማን ዘግበውታል። አቡበክር ከአህሉ ሱፋ ድሆች ሦስት እንግዶችን ወደ ቤታቸው ላኩና እሳቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ አመሹ። ሲመለሱ እንግዶቹ ራት አልበሉም። ቀርቦላቸው ነበር፤ «ባለቤቱ ካልመጣ አንበላም» ብለው ነው። አቡበክር ተቆጡ፤ ልጃቸውን ገሠጹ፤ ከዚያ ምግብ እንደማይቀምሱም ማሉ። እንግዶቹም በበኩላቸው እሳቸው ካልበሉ እንደማይበሉ ማሉ። እስቲ ይህን ቤት አስቡት፤ ምግቡ መሐል ላይ ቀርቧል፣ ሁሉም ርቦታል፣ ሁሉም ምሏል!

ከነቢያት በኋላ ከሰው ልጅ ሁሉ በላጩ የሆኑት አቡበክር ምን አደረጉ? መሐላው ከሸይጧን ነው አሉና እጃቸውን ዘርግተው በሉ። እንግዶቹም በሉ። አላህም በምግቡ ላይ በረካ አወረደ፤ አንድ ጉርሻ ባነሱ ቁጥር ከሥሩ ይጨምር ነበር።

አቡበክር «ቃሌ ነው!» ብለው በእልህ ቢጸኑ ኖሮ ያ ሌሊት በኩርፊያ ባለፈ ነበር። እሳቸው ግን እንግዳቸውን ከቁጣቸው አስቀደሙ። እኛስ? እኛ የምንምለው ተቆጥተን እንኳ አይደለም፤ ለጨዋታ ማጣፈጫ ነው የምንምለው። ወላሂ የአላህ ስም ነው! ከልቡ አስቦ «ወላሂ ትበላለህ» ያለ ሰው እንግዳው ሳይበላ ቢሄድ፣ በብዙዎቹ ዑለሞች ዘንድ የመሐላው ከፋራ በማለው ሰው ላይ ነው። ከፋራው በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 89 የተነገረው ነው፤ አሥር ሚስኪኖችን ማብላት ወይም ማልበስ ወይም ባሪያ ነፃ ማውጣት፤ ያልቻለ ሦስት ቀን መጾም። ዝርዝሩን ዑለሞችን ጠይቁ። «በሞቴ!»፣ «አፈር ስሆን!» የሚለውም ልማድ ሆኖ ነው እንጂ፣ የሚምል ሰው በአላህ ይማል ወይም ዝም ይበል ተብለን ተነግሮናል። አንዲት ጉርሻ ለማጉረስ የአላህን ስም ምስክር መጥራት ምን አስፈለገ?

■ ያለህን አቅርብ!

ሁለተኛው በር የሚዘጋው በተከሉፍ ነው። ተከሉፍ ማለት ከአቅም በላይ ራስን ማስጨነቅ ማለት ነው።

ብዙ ወጣት ባለትዳሮች ሰው ቤታቸው የማይጠሩት ሰው ጠልተው አይደለም። «ሥጋ ሳንገዛ እንዴት እንጥራ?»፣ «ዓረቢያን መጅሊሱን ሳናስገባ ምን ላይ እናስቀምጣቸው?» ብለው ነው። አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ አሥር ሰው ፍራሽ ላይ ተደርድሮ በአንድ ትሪ ይበላበት የነበረ ሰፈር፣ ዛሬ ልጆቹ ኮንዶሚኒየም ገብተው ሁለት ክፍል ሲኖራቸው እንግዳ መጥራት አቃታቸው። ቤቱ ሰፋ፤ ይሉኝታው ግን ከቤቱ በላይ ሰፋ። የዘይቱና የሥጋው ዋጋ ላይ ደግሞ ይሉኝታ ሲጨመርበት በሩ ጨርሶ ይቆለፋል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ማባያ ሲጠይቁ ከኮምጣጤ በቀር ምንም የለም ተባሉ። ኮምጣጤውን አስመጥተው እያመሰገኑት በሉ። ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ይህ ሐዲሥ ሙስሊም ዘንድ ተዘግቧል። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት፣ የሦስቱ ለአራት ይበቃል ያሉትም እሳቸው ናቸው።

የሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ታሪክ ደግሞ ለእንግዳውም ለባለቤቱም ትምህርት አለው። አል-ሐኪም እንደዘገቡት ሁለት እንግዶች መጡባቸው። ሰልማን ዳቦና ጨው አቀረቡላቸው። ነቢዩ ተከሉፍን ባይከለክሉን ኖሮ እጨናነቅላችሁ ነበር አሏቸው። ከእንግዶቹ አንዱ ጨው ላይ ትንሽ ቅመም ቢኖር ብሎ ተመኘ። ሰልማን የውዱእ ዕቃቸውን በመያዣነት ልከው ቅመሙን አስመጡለት። እንግዳው በልቶ ሲያበቃ ባለን ነገር ላብቃቃን አላህ ምስጋና ይገባው አለ። ሰልማንም ባለህ ተብቃቅተህ ቢሆን ኖሮ የኔ ዕቃ መያዣ ባልሆነ ነበር አሉት!

አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። እውነት ነው። ሽሮ በፈገግታ ከቀረበ ሽሮ ብቻ አይደለም። ቆሎና ቡና፣ አምባሻና ሻሂ፣ ጠዋት ከሆነ ፉል፤ የመርካቶ ሰው በዚህ ነው ወዳጅነትን ያቆየው። ከጉራጌ ቆጮ፣ ከሐረር ቁጢ፣ ከወሎ ቀሪቦ ይዞ የመጣው ሁሉ ያለውን ነው ያቀረበው። ያላየውን እንግዳው አይጠይቅህም። የተበደርክለትን ግን ቢያውቅ አይጣፍጠውም።

■ ኢክራሙ በማን ጉልበት ነው?

ይህን ወንዶቹ በተለይ አንብቡት። ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ አምስት ጓደኛ ሰብስበህ «ኑ ቤት፣ ሻሂ እንጠጣ» ትላለህ። መልካም ነው። ስልክ ደውለህ ለባለቤትህ ወይም ለእናትህ ተናግረሃል? እሷ ቀኑን ሙሉ ሠርታ፣ ልጆች አስተኝታ፣ ዕቃ አጥባ ገና ጎኗን ማሳረፏ ነው። አንተ ለጋስ ተባልክ፤ ምድጃው ላይ የቆመችው ግን እሷ ናት። እንግዶቹ «ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው!» እያሉ ይሄዳሉ። የሷ ስም አይነሳም።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበርና የሶላት ጊዜ ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። የሱናው ሰው መሆን የፈለገ ወንድም ትሪውን ራሱ ያንሳ፣ ብርጭቆውን ይጠብ፣ ዳቦውን ራሱ ገዝቶ ይግባ። «ዛሬ አይመቸንም» ስትልም ይስማት። ያን ቀን ጓደኞቹን ሻሂ ቤት ይጋብዛቸው። ያም ኢክራም ነው።

በሩን የሚያንኳኳውም ድርሻ አለው። ሱረቱ አን-ኑር አንቀጽ 28 ተመለሱ ከተባላችሁ ተመለሱ፣ ለናንተ ይህ የጠራ ነው ይለናል። ቁርኣን ባለቤቱን «አይመቸኝም» የማለት መብት ሰጥቶታል፤ እንግዳውን ደግሞ ሳይቀየም እንዲመለስ አስተምሮታል። በእኛ ዘንድ ግን ከበር የተመለሰ ሰው ዓመት ያኮርፋል። ስልክ ባለበት ዘመን ሳይደውሉ ሄዶ መቀየም ምን ይባላል?

■ የጎረቤት ገበታ

አሁን ወደ ከባዱ ርዕስ እንምጣ።

መርካቶ ራሷ የእንግዳ ገበያ ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደዚህ ካዛወረው ጀምሮ ከየአገሩ የመጣ ሰው ሠርቶ የበላባት ናት። ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ዶርዜው፣ ሐረሪው፣ ወሎዬው፣ ኦሮሞው፣ በአንድ ወቅትም ከየመን ተሻግረው የመጡት ዓረቦች እዚህ ጎን ለጎን ሱቅ ከፍተዋል። ታላቁ አንዋር መስጂድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው። ለዙህር ሶላት ስንወጣ «እያት» ብለን ሱቃችንን አደራ የምንሰጠው ብዙ ጊዜ ለክርስቲያን ጎረቤታችን ነው። እሱም ለቅሶ ሲሄድ ለእኛ ይሰጣል። ገንዘባችንን አምነን የሰጠነውን ሰው ቡና እንጠጣ ሲለን የምንሸሸው ለምንድን ነው?

አንዳንድ ወጣቶቻችን ይህን እንደ ዲን ጥንካሬ ያዩታል። አስተውሉ! የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) እናታቸው በሽርክ ላይ እያለች ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። ዝምድናዋን እንዲቀጥሉ ነው የታዘዙት። ሱረቱል ሙምተሒና አንቀጽ 8ም በሃይማኖት ላልተዋጉንና ከአገራችን ላላስወጡን መልካም ከመዋልና ፍትሕ ከማድረግ አላህ እንደማይከለክለን ይነግረናል። ይህን የምታነብ የሐበሻ ሙስሊም ደግሞ አንድ ነገር አትርሳ፤ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች በዚህ አገር እንግዳ ነበሩ። የተቀበላቸው ንጉሥ ሲቀበላቸው ክርስቲያን ነበር።

«ታዲያ ሥጋውስ?» ትሉ ይሆናል። በአገራችን ሙስሊሙ በሙስሊም እጅ የታረደውን፣ ክርስቲያኑም የራሱን ይበላል፤ ሁሉም ይህን ያውቃል። የሚገርመው ይህ ልዩነት ሰውን ከሰው አለመለየቱ ነው። ክርስቲያን ጎረቤት ሠርግ ሲኖረው በጉን ለሙስሊም ጎረቤቱ ይሰጣል፤ ራሱ አርዶ፣ በራሱ ድስት ሠርቶ፣ ሙስሊም እንግዶችን ያስተናግዳል። የቤቱ ባለቤት በራሱ ድግስ ላይ ቢላውን ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጣል ማለት ነው። ወላጆቻችን ይህን ሲያደርጉ ዲናቸውን አልሸጡም፤ አንዱም የሌላውን አጥር አልነካም። አጥሩን ያወቀ ሰው በአጥሩ ላይ መነጋገር አይፈራም።

በእኛ በኩልስ? ክርስቲያን ጎረቤትህን ስትጠራ ረቡዕና ዓርብ መሆኑን አስታውስ። በ2017 ረመዷን ሙሉ በሙሉ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር የዋለው። እኛም ጿሚ፣ እነሱም ጿሚ! ኢፍጧር ላይ የሥጋ ሳምቡሳ ብቻ ሠርቶ «ምነው አልበላህም?» ማለት እንግዳን ማሳፈር ነው። የምስር ሳምቡሳ ግን ሁለታችንም እንበላዋለን። ተምሩ፣ ሻሂው፣ በዘይት የተሠራው ሽሮ ሁለታችንንም ያገናኛል። ወጪው ያንሳል፤ የሚጠይቀው «ጾም ነህ እንዴ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው። ጎረቤትህ ከእኛ ድስት የማይበላ ከሆነም አትቀየመው፤ ሙዝና ብርቱካን አቅርብለት፣ ውሃና ለስላሳ አቅርብለት፣ አጫውተው።

ለዚህም ሱና አለን። በእናታችን መይሙና (ረ.ዐ) ቤት የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀረበ። እጃቸውን መለሱ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም እንደሆነ ጠየቁ። አይደለም፣ ግን በሕዝቦቼ አገር ስለሌለ አልወደድኩትም አሉ። ኻሊድ ወደ ራሳቸው ስበው በሉት፤ ነቢዩም እያዩ ነበር። በአንድ ገበታ አንዱ በላ፣ ሌላው ተወ፤ ማንም ማንንም አልወቀሰም። «እኔ ያልበላሁትን አንተም አትብላ» የለም፤ «እኔ የበላሁትን አንተም ብላ» የለም። ደግሞ ከበዓላት ጋር የተያያዘው ብያኔ ሌላ ርዕስ ነው፤ እኛ እዚህ የምናወራው ስለ ዕለት ተዕለቱ ቡናና ራት ነው።

■ በራሳችንም መካከል

ከጎረቤት አልፎ በሙስሊሙ መካከል የተዘጋው በር ግን የበለጠ ያሳዝናል። ቡና ሲጠራ «ሰውየው መንሀጁ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት አለ። አክስቱ ቤት ረከቦት ዙሪያ ዱዓ ስለሚደረግ ብቻ ዓመታት ያልሄደ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ልጁ ከቡናው ዱዓ ገሸሽ ስላለ «ዲን አበላሸ!» ብለው በሰው ፊት የሚያዋርዱት ሽማግሌዎች አሉ።

ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ ሲጋበዝ መሄድ ነው። በሐዲሥ የተነገረ ነው። በ2011 ዑለሞቻችን የዓመታት ልዩነታቸውን ወደ ጎን ብለው አብረው ሲቀመጡ ስንቶቻችን ነን በደስታ ያለቀስነው? ትልልቆቹ በአንድ አዳራሽ ከተቀመጡ፣ እኛ በአንድ ትሪ መቀመጥ እንዴት ያቅተናል? ወንድሜ! አክስትህ ዘንድ ሂድ። እጇን ሳም፣ ቡናዋን ጠጣ፣ የጎደለባትን ጠይቅ። አልስማማበትም የምትለው ነገር ሲጀመር በአደብ ወጣ ብለህ ተመለስ፤ የምትነግራት ነገር ካለህም ለብቻዋ በለስላሳ ቃል ንገራት። እናንተም እናትና አባቶች፣ ልጁ ገሸሽ ሲል አታሳድዱት። መምጣቱን ተቀበሉ። ዝምድና የቆረጠ ሰው ደዕዋውን ለማን ያደርጋል?

■ ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላ

ከአገር ቤት የሚመጣው እንግዳ ደግሞ የመርካቶ ቤቶች ትልቁ ፈተና ነው። ከስልጤ፣ ከወሎ፣ ከጅማ ለሕክምና፣ ለሥራ ፍለጋ፣ ለዓረብ አገር ጉዞ ይመጣል። ለሳምንት ያለው ስድስት ወር ይሆናል። ባለቤቱ ይጨነቃል፤ መናገር ነውር ነው። እንግዳውም ይጨነቃል፤ መሄጃ የለውም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ፈትተውልናል። ለእንግዳ ልዩ መስተንግዶው አንድ ቀንና ሌሊት ነው፤ እንግድነቱ ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰደቃ ነው። እንግዳውም ባለቤቱን እስከማስቸገር ድረስ መቆየት አልተፈቀደለትም። በሙስሊም ዘገባ ማስቸገሩ እንዴት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ባለቤቱ የሚያቀርበው ነገር ሳይኖረው እሱ ዘንድ መቆየቱ ነው አሉ።

እንግዲህ ከሦስት ቀን በኋላ ሰውየውን አውጥተህ ጣል ማለት አይደለም። እንግድነቱ ያልቃል፤ ቤተሰብነቱ ይጀምራል። ለእንግዳ ተብሎ ለብቻ የሚሠራው ይቅር፤ ቤቱ የሚበላውን ይብላ። እሱም ውሃ ይቅዳ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያድርስ፣ ሥራ ባገኘ ቀን በአቅሙ ዳቦ ይዞ ይግባ። ይህን በአራተኛው ቀን ፊት ለፊት በፍቅር መነጋገር፣ በስድስተኛው ወር ፊት ከመንሳት እጅግ ይሻላል። ዝም ብሎ መቻል ለጋስነት ይመስላል፤ መጨረሻው ግን ብዙ ጊዜ ኩርፊያ ነው።

■ አጥሩ የት ነው?

ገርነት ስንል ሁሉም ነገር ይሁን ማለታችን አይደለም። አጥር አለ። መጠጥ ቤታችን አይገባም፤ «እንግዳዬ ይወዳል» ተብሎም አይቀርብም። መጠጥ በሚዞርበት ገበታም አንቀመጥም። ሐራም የሆነውን «ላለማስቀየም» ብለን አንበላም። ሶላት ሲደርስ «ይቅርታ፣ ሰግጄ መጣሁ» ብለን እንነሳለን፤ የመርካቶ እንግዳ ይህን ለምዶታል፣ አይቀየምም። ባዕድ የሆነች ሴት እጇን ስትዘረጋ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ በፈገግታ ሰላም ማለት ይቻላል፤ ፊት ማዞር ግን ከየት መጣ?

አጥሩ ይህ ነው። ቁጠሩት፤ ጥቂት ነው፣ ግልጽም ነው። ከአጥሩ ውስጥ ያለው ሜዳ ግን ሰፊ ነው፤ ምን ማቅረብ፣ መቼ መጥራት፣ ምን ላይ ማስቀመጥ፣ ከማን ጋር ቡና መጠጣት። አላህ ያሰፋውን እኛ ካጠበብነው የሚጎዳው ዲኑ አይደለም፤ እኛው ነን። ብቻችንን እንቀራለን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ታምሞ ሌሊት በር ላንኳኳ ሰው ነው። ያን ሌሊት በሩን የሚከፍትልህ ቀን ላይ በርህን የከፈትክለት ሰው ነው።

■ ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ

አንድ ነገር እንሞክር። ከዚህ ጁሙዓ በኋላ እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንጥራ፤ ለረጅም ጊዜ ያልጠራነውን ሰው። ኮንዶሚኒየም ላይ ስሙን የማናውቀው የጎን ጎረቤት ሊሆን ይችላል። በሱቃችን ፊት ዕቃ የሚሸከመው ልጅ ሊሆን ይችላል። በሐሳብ ተለያይተን የተኮራረፍነው ወንድም ሊሆን ይችላል። ቀድመን ቤተሰባችንን እናማክር። ያለንን እናቅርብ፤ የሌለንን አንበደር። «የማትበላው ነገር አለ?» ብለን እንጠይቅ። አንዴ ሁለቴ እንጋብዝ፤ አንማል። «በቃኝ» ሲል እንመነው። ሲወጣ ከበር ወጣ ብለን እንሸኘው።

ልጆቻችን ይህን እያዩ ያድጋሉ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ደስታ እንጂ ጭንቀት እንደሌለ ካዩ፣ ነገ በራቸውን ይከፍታሉ። እንግዳ ሲመጣ እናታቸው ስትጨነቅ፣ አባታቸው ሲምል፣ እንግዳው ሲያፍር ካዩ ግን በራቸውን ቆልፈው መኖርን ይማራሉ።

አላህ ቤቶቻችንን እንግዳ የሚያርፍባቸው፣ ገበታችንን በረካ ያለበት፣ ልባችንን ገር ያድርግልን። የራቁትን ያቅርብልን፤ የተኳረፉትን ያስታርቅልን። እንግዳ ተቀባይ የነበሩትንና ወደ አኼራ የሄዱትን አባቶቻችንና እናቶቻችንን በጀነት ያስተናግድልን። ኣሚን!

ወላሁ አዕለም።